የፈረቃ ሰላምታ

እሁድ፣ ሰኔ 14 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ለምሳሳልህ ልጄ፣

እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን ነገር ማሳመር አልሆነልኝም። በስልክ እንዳልነግርህ አባትህ ይሰማኛል። አሁን እሱ ጓዳ ተኝቷል፣ እህትህም ጓደኛዋን ልትጠይቅ ወጥታለች፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ባለፈው ስትደውል ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አንተ ግን "እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?" አልከኝ። ያለህበት አገርና እኛ ጋ እኩል ነው የሚመሸው፤ በአገሩ አታሳብብ። እህትህ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ፈራሁ። አባትህም የጀመረው እንዲህ ነው።

የጠርሙስ ፋብሪካው ምድጃ እንደማይጠፋ ታውቃለህ። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት፤ ጥርሱን የነቀለበት ፈረቃ ነው። ትንሽ ሳለህ በጠዋት ሲገባ በር ላይ ቆመህ "እንዴት ዋልክ?" ትለው ነበር፤ ሲመሽ ሲወጣ ደግሞ ሁላችን "ደህና ዋል" ብለን እንሸኘዋለን። ያኔ ጨዋታ ነበር። ባለፈው ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ባለሱቁን "ደህና እደር" ብሎት አለፈ። ባለሱቁ ቀልድ መስሎት ቢስቅ አባትህ "ምን ያስቅሃል?" ብሎ ሊደባደብ ተጋበዘ። ከዝንብ ጋር እንኳ ተጣልቶ የማያውቅ ሰው!

ምግብ ሳቀርብለት "ገና ነው" ይላል፤ እኛ ስንተኛ ይርበዋል። ጨጓራው ያቃጥለዋል። ስኳርም ግፊትም አለብህ ብለውታል። ለልጁ እንዳትነግሪ ብሎ ቃል አስገብቶኝ ነው ዝም ያልኩህ።

ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ያንተ እኩያ ናት። "አባባ፣ ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው፤ የሚያስተካክለውም የቀን ብርሃን ነው" አለችው። "ልብም፣ ጨጓራም፣ ጉበትም መቼ እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚያርፉ ያውቃሉ። እርስዎ ግን በየሳምንቱ ሰዓቱን ያዞሩባቸዋል። በሌሊት ሲበሉ ስኳሩ ደምዎ ውስጥ ይቆያል። ግፊትዎም ማረፍ ባለበት ሰዓት አይወርድም። ልብዎ ተጎድቷል።"

"በይኛ ጉበቴም ፈረቃ ገብቷል! የትርፍ ሰዓት አይከፈለውም?" አላት።

አልሳቀችም። "ፈረቃውን ይተዉት" አለችውና እኔን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ቀን ቀን ብቻ ልሥራ ብሎ አለቃውን ጠየቀው፤ "ይታሰብበታል" አለው። እነሱ እያሰቡ ሳለ አባትህ የጋለ ጠርሙስ በሚያልፍበት ቆሞ፣ ዓይኑን እንደገለጠ እንቅልፍ ወሰደው። ጓደኛው ክንዱን ይዞ ባይጎትተው ኖሮ እጁ ተቃጥሎ ነበር። ይህንንም የሰማሁት ከጓደኛው ነው።

አንተ ደግሞ የሌሊት ሥራ ተመቸኝ፣ ቀን ጥግብ ብዬ እተኛለሁ ትለኛለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ተኝቶ አንድም ቀን አልጠገበም። ልጄ፣ ለምኜሃለሁ፣ ተወው። ክፍያው ቢያንስም የቀን ሥራ ፈልግ። እኔ ሁለተኛ ፈረቃተኛ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም።

ይህን እየጻፍኩ መሸ፤ የፋብሪካው ሰርቪስ መጣ። ዛሬ የሌሊት ሳምንቱ ይጀምራል። ሊተኛ ሲል "ሰርቪሱ ሳይመጣ ቀስቅሺኝ፣ አደራ" ብሎኝ ነበር። አልቀሰቀስኩትም። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ አባትህ ሁልጊዜ ብድግ ይላል፤ ዛሬ ግን ንቅንቅ አላለም። ደጅ ወጥቼ "ሂድ፣ ዛሬ አይመጣም" አልኩት።

"ምነው እትዬ፣ ጋሼን አመማቸው እንዴ?"

"ተኝቷል።"

"ኧረ ይቀስቅሷቸው! አለቃው ያባርራቸዋል።"

"ያባርረው! ባሌን ከእንቅልፉ አልቀሰቅስም።"

ሄደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታይ! ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ቀን አሸነፍኳቸው። ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ሲያንኮራፋ ነው የዋለው፤ አሁን እሱንም ትቶታል። እንዲህ ፊቱ ረግቶ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። እግሩ ቀዝቅዞ ስላገኘሁት ብርድ ልብስ ደረብኩለት። እጁም ቀዝቅዟል። ደረብኩለት፣ አልሞቀም። ድካም ይሆናል። እህትህ ስትመጣ እሷ ትየው፤ እኔ አልቀሰቅሰውም ብያለሁ፣ አልቀሰቅሰውም።

የምትውልበት ቀን፣ የምታድርበት ሌሊት ይስጥህ፣ የኔ ልጅ። መልሱን በደብዳቤ አትጻፍልኝ። ደውል።

እናትህ