ቀዩን ቀስት ላኖሩልን ሐኪም የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ለሆስፒታላችን ሠራተኞች፣ ለታካሚዎቻችንና ለቤተሰቦቻቸው፤

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍላችንን ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት ያገለገሉት አንጋፋ ሐኪማችን ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሆስፒታሉ የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ይገልጻል። ይህን ቃል በየመግለጫችን እንደምንጽፈው እናውቃለን፤ ዛሬ ግን ከልባችን ነው የጻፍነው።

በአገልግሎታቸው ሁለተኛ ዓመት አንድ እግራቸው ላጠረ ታካሚዎች አጥንት የማስረዘም ሕክምና ጀመሩ። አጥንቱ በጥንቃቄ ይቆረጣል፤ እግሩ በብረት ቀለበቶችና በቀጫጭን ሽቦዎች ይያዛል፤ ከሳምንት በኋላ ቀለበቶቹን የሚያራርቁት ዳዶዎች በየስድስት ሰዓቱ ሩብ ዙር ይዞራሉ። በቀን አንድ ሚሊሜትር መሆኑ ነው፤ ክፍተቱን አዲስ አጥንት ይሞላዋል። ለሚቸኩል ሁሉ «ሩብ ብቻ! አጥንቱን አታስደንግጡት» ስለሚሉ ሠራተኛው «ጋሼ ሩብ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር።

በአራተኛው ዓመት የአንዲት ታካሚ አባት ቤታቸው ውስጥ ዳዶዎቹን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወደ ተቃራኒው አዞሯቸው። የተገኘው ርዝመት ጠፋ፤ ልጅቷም ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት። አባትየው ራሳቸውን ወቀሱ። ሐኪማችን ግን በክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በአፌ ነገርኳቸው እንጂ አላሳየኋቸውም» ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። በማግስቱ የባለቤታቸውን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዘው መጥተው በየዳዶው አጠገብ ቀስት ሣሉ። ከዚያ ወዲህ ቀስት ሳይሣልለት ከክፍሉ የወጣ ታካሚ የለም። ባለቤታቸው በበኩላቸው ጠርሙሱን ሙሉ ሆኖ አግኝተውት እንደማያውቁ ለአስተዳደሩ በተደጋጋሚ አመልክተዋል።

በአሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ ቁመት ለመጨመር ብቻ የሚመጡ ጤነኞች አደጋው በግልጽ ተነግሯቸው በትሕትና እንዲመለሱ የሚያዝ መመሪያ አዘጋጁ። ዛሬም እንሠራበታለን።

በሦስት ቁጥር አልጋ የሚገኙት ልብስ ሰፊ ከታሰበላቸው አርባ ሚሊሜትር ሃያ ሦስቱን አግኝተዋል። መርዶውን ሲሰሙ «እኔስ እንዲህ ተንጠልጥዬ ልቀር ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው የሌሎች ታካሚዎችም በመሆኑ ሆስፒታሉ በይፋ ይመልሳል፦ አይቀሩም። ቀሪውን አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ሐኪማችን ራሳቸው ያሠለጠኗቸው ምክትላቸውና ዋና ነርሷ ይፈጽሙታል።

ክፍሉ ነገ ለቀብሩ ግማሽ ቀን ይዘጋል። ተራ የደረሳቸው ነርሶች ግን ከታካሚዎቹ አጠገብ ይቆያሉ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሌላ አይፈቅዱም ነበር።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን።

በሦስት ቁጥር አልጋ መዝገብ ላይ፣ ማክሰኞ እኩለ ቀን፣ በዋና ነርሷ እጅ «ሩብ ዙር፣ በቀስቱ አቅጣጫ» የሚል ሰፍሯል። ቀስቱን ባለፈው ወር የሣሉት ጋሼ ሩብ ናቸው። ዙሩም ልክ ነው።

የሆስፒታሉ አስተዳደርና ሠራተኞች