ምስማር የማይመታበት ቤት

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ሥራው፣ መንገዱ፣ ያ በብርድ የሚነሣብሽ ራስ ምታት እንዴት ሆነ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን አርጅቶ ነው እንጂ ታሞ አይደለም፤ አታስቢ። ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል፤ ሌሊት ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በር ይፈትሻል። ገብሱ ግን መልካም ነው ይላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል። ከልባቸው ይሁን ከአፋቸው አላውቅም፣ እኔ ግን የተላክሁትን አድርሻለሁ።

ፊደሉን ተጣሞ ብታዪው የሕፃን ልጅ ጽሕፈት አይምሰልሽ። ይህን ደብዳቤ ሰው አልጻፈልኝም። እኔው በእጄ ነው የጻፍሁት። ወደ መሥሪያ ቤትሽ የላክሁትም ቤትሽን ስለማላውቀው ነው።

ይህን ስታነቢ ትደነግጪ ይሆናል። ግድ የለም፣ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ፊደል ከቆጠርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቀበሌው ጎልማሶችን በማታ አስተምራለሁ ሲል፣ እዚህ አጠገባችን ያለችው ዘቢደር ተመዝግባ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ጮክ ብላ እያነበበች ትኮራብኝ ጀመር። በእልህ ገባሁ። መምህርታችን የኔአለም የምትባል ያንቺ እኩያ ናት። የምንቀመጠው በልጆች ዴስክ ስለሆነ ጉልበቴ ከሥሩ አልገባ ብሎ፣ በጎን እንደ ፈረሰኛ ተቀምጬ ነው የተማርሁት። ላንቺ ማንም እንዳይነግርሽ አስጠነቀቅሁ። አንድ ቀን በድንገት ላነብልሽ ነበር ሐሳቤ። ልጄን የማስደንቅበት ነገር ከእጄ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበርና ይህችን አንዷን ደብቄ ያዝኋት።

እሁድ እሁድ ስትደውዪልኝ ስለ ሰው ልጅ ቤት አወራሽ ነበር። የአንሙት ልጅ አማኑኤል ላይ ቤት ሠርታ እናቷን አስገባች፣ የእገሌ ልጅ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ አንቺስ እልሽ ነበር። አንቺም እየሠራሁ ነው፣ ሊደርስልኝ ነው፣ ደረሰ ትዪ ነበር። መስከረም ላይ ደወልሽና “እናቴ፣ ቤቴን ነይና እዪልኝ” አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እልል አልሁ።

አዲስ አበባ ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ዕቃዬን አይተሽ ሳቅሽ። “ለሳምንት ይህን ሁሉ?” አልሽኝ። ሳምንት የሚለውን ነገር ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። በስልክ ነይ ነበር ያልሽኝ። እኛ አገር ነይ ማለት ነይ ነው። የሚበዛው በሶና ቅቤ ነው አልሁሽ። ከበሶው ሥር የክረምት ልብሴ ሁሉ፣ የተጣፈውም ያልተጣፈውም፣ ታጥፎ ነበር።

ሊፍቱ ሆዴን እታች ትቶ እኔን ወደ ላይ አወጣኝ። ቤቱ ያምር ነበር፤ ያማረውን አማረ ማለት አይከብደኝም። ሳሎን አለው፣ ሁለት መኝታ አለው፣ ወጥ ቤት አለው። ምድጃው ጥቁር መስታወት ነው፣ እሳቱ ሳይታይ ይግላል። የኔ ክፍል የቱ ነው ስልሽ በግራ በኩል ያለውን ከፈትሽልኝ። አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ሰው የተኛበት አይመስልም። ለኔ ብለሽ አዲስ ገዝተሽ ያነጠፍሽው መሰለኝና እንባዬ መጣ። አንቺ መንገዱ አድክሞሽ ነው አልሽኝ።

የእመቤታችንን ሥዕል ከጋቢዬ ውስጥ አውጥቼ ምስማርና መዶሻ ጠየቅሁሽ። ግድግዳው አዲስ ስለሆነ ምስማር አይመታበትም አልሽኝ። ከመብራቱ አጠገብ አስደገፍኋት። በገዛ ቤቱ ምስማር የማይመታ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የከተማ ነገር ነው ብዬ ተውሁት።

ያን ዕለት እራት ስታቀራርቢ ከበሩ ጀርባ የተለጠፈ ጽሑፍ አየሁ። ከላይ በፈረንጅ፣ ከታች በእኛ። ቀኑ ደረሰ፣ ዛሬ አነብላታለሁ አልሁ። እንዳልሳሳት ብዬ አስቀድሜ በልቤ፣ ጣቴን እያስኬድሁ ለቀምሁት። “ውድ እንግዳችን፣ ክፍሉን ሲለቁ ቁልፉን ለእንግዳ መቀበያ ያስረክቡ” ይላል። የተሳሳትሁ መስሎኝ ደገምሁት። ያው ነው።

የተሳሳትሁ እንደሆነ ካንቺ አፍ ልሰማ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። “ይህ ምን ይላል ልጄ?” አልሁሽ። ሳህን ይዘሽ ቆመሽ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽው፣ ከዚያም እኔን አየሽኝ።

“ይህንን ቤት እግዚአብሔር ይባርክ ነው የሚለው” አልሽኝ።

“አሜን” አልሁ።

ከዚያ ወዲያ እኔና አንቺ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ሰነበትን። አንቺ መጋረጃውን ልቀይረው አስቤያለሁ ትያለሽ፣ እኔ ተዪው ያምራል እላለሁ። አንቺ ሶፋውን በዱቤ ነው የገዛሁት ትያለሽ፣ እኔ ዕዳ አያስጨንቅሽ እላለሁ። የጨው ዕቃው የት እንዳለ ሳታውቂ መሳቢያውን ሁሉ ስትከፍቺ፣ እኔ ዐይኔን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ጠዋት ትሄጃለሽ፣ ሲመሽ ትመለሻለሽ። ቀኑ የኔ ነበር። መስኮቱ አይከፈትም። ከታች መኪናው ይርመሰመሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ ደንቆሮ የሆንሁ እየመሰለኝ እጄን አጨበጭብ ነበር። አንድ ቀን የሰው ፊት ቢናፍቀኝ ከቤት ካመጣሁት ዳቦ ቆርሼ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። የእንግዳ ቤት መሆኑን አውቄያለሁ፤ ቢሆንም እንግዳም ሰው ነው። ፂሙን በግማሹ የተላጨ ሰውዬ ከፈተልኝ። በማላውቀው ቋንቋ ተናግሮ ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አጎነበሰም። ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ብጠብቀው ከዚያው በር ሻንጣ የምትጎትት ሴት ወጣች። ዳቦዬን የበላው ሄዷል።

ታጸዳልኛለች ያልሽኝ ልጅ፣ ሥራነሽ፣ የሰፈር ሙሉ አንሶላ በጋሪ እየገፋች መጣች። የአንድ ሰው ቤት ሠራተኛ ይህን ያህል አንሶላ እንደማያስፈልጋት ፊደል ያልቆጠረም ያውቃል። ድምፄን ስትሰማ “እማማ፣ ከጎጃም ነዎት?” አለችኝ። እሷም የጎጃም፣ የቁይ ልጅ ናት። አገላብጬ ሳምኋት። ልጄ ጥሩ እመቤት ናት ወይ ብዬ ብነካካት አንገቷን ደፍታ ጥሩ ናት አለች። አስጠንቅቀሻት ኖሯል። አትጨነቂ፣ እኔ ማንበብ እችላለሁ አልኋትና ወደ በሩ ጠቆምሁ። አፏን በእጇ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ዐይኗን ጠረገች።

ለዚህ ስንት ትከፍላለች ስላት፣ ገንዘብ አይደለም፣ በነጥብ ነው አለችኝ። እኔ የማውቀው ነጥብ ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ የሚደረገውን አራቱን ነው። በእሱ ቤት ይገኛል ወይ አልኋት።

“በእሱማ ቢሆን አሥረኛ ክፍል ድረስ ስነጥብ ኖሬ፣ ይህ ፎቅ የኔ በሆነ ነበር እማማ” አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። የዚህ ሆቴል ባለቤት በየከተማው ሌሎች ሆቴሎች አሉት። አንቺ ለሥራ ስትዞሪ በእነሱ ባደርሽ ቁጥር በስምሽ ነጥብ ይያዝልሻል፤ መሥሪያ ቤትሽ የአዳሩን ይከፍላል፣ ነጥቡ ግን ያንቺ ነው። ሲጠራቀም እንዲህ ያለ ወጥ ቤትና ሳሎን ያለው ቤት ያለ ክፍያ ይሰጡሻል። በጊዜው ካልተጠቀሙበት ግን ይቃጠላል አለችኝ።

ይቃጠላል ስትለኝ ሆዴ ተቃጠለ። ሊቃጠል በደረሰ ነገር ነው የጠራችኝ አልሁ። ከሚደፋ ለእናቴ ይሁን ብላ ነው አልሁ። ያን ዕለት ስትገቢ ራሴን አሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርሁት ለዚህ ነው። ሾርባ ሠርተሽ አልጋዬ ድረስ አመጣሽልኝ። ጨው አልነበረውም።

በማግስቱ ሥራነሽን ደግሜ ጠየቅኋት። ስንት ሌሊት ቢያድሩ ነው ይህ የሚገኘው አልኋት። አንሶላውን እየወጠረች፣ ብዙ ነው እማማ አለችኝ። ሰው በዓመትም በሁለት ዓመትም አይሞላለትም። የሞላላቸውም ነጋዴዎች ናቸው፣ ሚስታቸውን ለሠርጋቸው መታሰቢያ ያመጡበታል እንጂ እናቱን ያመጣ አላየሁም አለች።

ከሄደች በኋላ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። እሁድ እሁድ ስትደውዪ የት ነሽ ስልሽ ቤቴ ነኝ፣ እያረፍሁ ነው ትዪኝ ነበር። ከኋላሽ የልጅም፣ የዶሮም፣ የጎረቤትም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሰላም ያለበት ቤት ነው ብዬ እመርቅሽ ነበር። ለካ እኔ የሰው ልጅ ቤት ስቆጥርልሽ አንቺ በሰው አልጋ ላይ ጋደም ብለሽ ነው የምትሰሚኝ።

ተጸጸትሁ ብዬ አልጽፍልሽም። እናት ልጇን ቤት ስሪ ማለቷ ኃጢአት አይደለም። ግን ያን ማታ በሶ በጥብጬ ጠበቅሁሽ። ታስታውሺ እንደሆነ፣ ምነው ዛሬ ፊትሽ ፈታ አለ ብለሽኝ ነበር።

ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ልነግርሽ ነበር። በመጨረሻው ማታ አልጋዬ ላይ ወጥተሽ እንደ ልጅነትሽ ራስሽን ጭኔ ላይ አደረግሽ። ቤቱን ወደድሽው ወይ አልሽኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ጠጉርሽ ሳይ ሽበት አየሁ። ሽበትሽን ማን ያይልሻል፣ ማን ይነቅልልሻል አልሁ በልቤ።

“ወድጄዋለሁ” አልሁሽ። “የፎቁ ከፍታ ግን አልተስማማኝም። አገሬ ይሻለኛል።”

ጥቂት ቆዪ ትዪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። ትከሻሽ ጭነት እንደወረደለት በቅሎ ዝቅ አለ። “እውነትሽን ነው፣ አየሩ ይከብዳል” አልሽኝ። አልቀየምሁሽም። ማደሪያ የሌለው ሰው እንግዳው ልሂድ ሲል ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ግን አየሁት። በማግስቱ መናኸሪያ ላይ ስታለቅሺ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም።

እዚህ ስደርስ ሰው ሳቀብኝ። ስሄድ የእድሩን ዳኛ ፍሥሐን ስሜን ሰርዝ ብዬው ነበር። እሁድ መልሱኝ ብዬ ብቆም በተሰበሰበው ሰው ፊት “ምነው እቴ፣ አዲስ አበባ ሞት የለም እንዴ?” አለኝ። ሞትስ አለ፣ የሌለው ቀባሪ ነው አልሁት። ሳቁና እንደ አዲስ ገቢ ጻፉኝ። ዘቢደር ብቻ አልሳቀችም። ሲመሽ ሽሮ በድስት ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንድም ነገር አልጠየቀችኝ። ያቺን ሴት ዕድሜ ልኬን ስጠላት ኖሬ ነበር።

የአጎትሽ ልጅ እንዳላማው ደኅና ነው። ስሄድ ቤቱን አደራ ብዬው ነበር፣ በደንብ ይዞታል። ሚስቱን ወንጌላዊትን አምጥቷል፣ እርጉዝ ናት። የፊተኛውን ክፍል አረንጓዴ ቀለም ቀብተው አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረውታል። ወደ ክፍልሽ ተመለሽ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። ከጓሮ ያለችዋ ክፍል ተመችታኛለች፤ ከማድቤቱ ጋር ስለተያያዘች ትሞቃለች። ጨዋ ልጆች ናቸው። ወደ ፊተኛው ክፍል የምገባበት ጉዳይ ሲኖረኝ አንኳኩቼ ነው፤ ግቢ ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም።

ለገና ፈቃድ ካገኘሽና መንገዱ ሰላም ከሆነ ነይ። ግን አስቀድመሽ አስታውቂኝ። ወንጌላዊት በዚያ ሰሞን ለመውለድ ወደ እናቷ አገር ወደ ሮብ ገበያ ትሄዳለች፤ እንዳላማውንም ለጥቂት ቀን ከጓሮ እደር እለዋለሁ። አንሶላ አጥቤ በፊተኛው ክፍል እቀበልሻለሁ። ወንበሩ ላይ የማታውቂው ቀሚስ ተጥሎ ብታዪ የማን ነው ብለሽ አትጠይቂኝ። ከጠየቅሽኝ የኔ ነው እልሻለሁ፤ አንቺም ያምርብሻል በዪኝ።

እመቤታችን በምታድሪበት ሁሉ ከራስጌሽ አትለይ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በመሸብሽ ቦታ ሁሉ ክፉ አይንካሽ። ሽበትሽን የሚያይልሽ ሰው ይስጥሽ።

እናትሽ