ወደ ጠፈር እሄዳለሁ ያልኩ ዕለት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲመጣ ይብስብኛል ብለሽኝ ነበርና ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሐሳቤ አንቺው ጋ ነው። ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ያ ደረጃ አልወርድም እያለ የሚያስቸግርሽ ውሻ ሳይቀር ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። "ደኅና ነኝ" የምትለዋን ግን ብዙም አትመኛት፤ ልማድ ሆና ነው የጻፍኳት።

ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፣ እዚህ ቤት በስልክ የሚወራ ሁሉ ግድግዳ አልፎ ስለሚሰማ ነው። ደግሞም ነገሩ በአፍ ሲወራ ያስቃል። እኔ ሳትስቂ እንድትሰሚኝ ፈለግሁ።

የምሠራበትን ልብስ ማጠቢያ ታውቂዋለሽ፤ የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት አዳራሽ ነው። እንፋሎቱ ሲነሣ አጠገብሽ ያለው ሰው እንኳ አይታይሽም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ወደ በረንዳው ብወጣ፣ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መቅረጫውን ይዞ በሠራተኛው መሀል ቆሟል። ሀብታሞች ትኬት እየቆረጡ ወደ ጠፈር መሄድ ጀምረዋል አሉ፤ እሱ ደግሞ "ዕድሉ ቢሰጣችሁ እናንተስ ትሄዳላችሁ ወይ?" እያለ ተራውን ሰው ይጠይቃል።

አለቃችን ጉሮሮውን ጠርጎ "ለሕዝብ የሚጠቅም ከሆነ..." ብሎ ጀመረና መጨረሻውን አጣው። ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው፣ አፈ ጮሌ የምንላት ሴት፣ "እኔ አማቴን ልኬ እዚሁ እቀራለሁ" ስትል ሰው ሁሉ በሳቅ ሆዱን ያዘ። የቦይለሩ ሠራተኛ ደግሞ መሬት ላይ ያልሞላለት ሰው ሰማይ ላይ ምን ሊያገኝ ነው አለ። ከዚያ ጋዜጠኛው መቅረጫውን ወደ እኔ አዞረና "እናቴ፣ እርስዎስ?" አለኝ።

"እሄዳለሁ" አልኩት።

እንዴት እንዳመለጠችኝ አላውቅም እታለም። ሳላላምጣት ነው የወጣችው። እሱም ቀልድ መስሎት፣ እዚያ ሄደው ምን ይሠራሉ አለኝ። ምንም፣ ዝም ብዬ ቁጭ እላለሁ አልኩት። ማንን ይዘው ይሄዳሉ ሲለኝ፣ "ማንንም" አልኩ። መመለሻ ባይኖረውስ ብሎ ሲጨምርብኝ ትንሽ አሰብኩና "ግድ የለም" አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔም ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላው እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁትም። ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኔ! እኔ የምጠየቀው "ሸሚዜ የታለ"፣ "እራት ደረሰ ወይ"፣ "ቁልፉን የት አደረግሽው" ነው። ጥያቄስ ሞልቶኛል፤ ስለ እኔ የሆነ ግን የለበትም።

የረሳሁት ነገር ቢኖር ሬዲዮን ሰው እንደሚሰማው ነው።

የዚያኑ ቀን ወደ ማታ የተቀረጸው ሲተላለፍ ባለቤቴ አውቶቡሱን እየነዳ ነበር። ኋላ የነገረችኝ አብራው የምትሠራው ትኬት ቆራጭ ናት። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሬዲዮው ተከፍቷል፣ የእኔ ድምፅ መጣ። "ማንንም" ስል ተሳፋሪው ሳቀ። አንዱ ከኋላ ሆኖ "ይቺ ሴትዮ ባሏ ምን ቢያደርጋት ነው!" አለ። ሌላው ተቀብሎት "ባልየውም እኮ እሰይ ነው የሚለው" አለ። ትኬት ቆራጯ ድምፄን ለይታው ወደ እሱ ብታይ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ሬዲዮውን ዝቅ አደረገው። አልዘጋውም። ፌርማታው ላይ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ።

ማታ ገብቶ እጁን ታጠበና ተቀመጠ። እራቱን በላ። ሳህኑን ሳነሣ "ሬዲዮ ላይ ነበርሽ" አለኝ። አዎ አልኩት። "ድምፅሽ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው" አለና ተነሥቶ ወደ መኝታው ሄደ። በቃ! ቢቆጣ ምን ነበረበት? ሳህን ቢሰብር፣ ቢሰድበኝ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ስንት ነገር በተናገርኩ። አውቶቡሱ ውስጥ "ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሱን ቤት ድረስ ይዞት መጣ እያልኩ አስቅሽ አልነበር? አሁን ቀልዴ ራሴን አላስቅ አለኝ።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች። እያለቀሰች ነው። አባቴን በሰው ፊት አዋረድሽው፣ የባሌ ቤተሰቦች ሁሉ ሰምተዋል፣ ለመሆኑ ምን ጎደለብሽ አለችኝ። መልሱን ግን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። ሥራ ቦታ ደግሞ ስሜ "ጨረቃ" ሆኖ ቀረ። ጨረቃ አንሶላውን አቀብዪኝ፣ ጨረቃ ጉዞው መቼ ነው... መጀመሪያ አብሬ ሳቅሁ። ሰንበት ሲል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲያወራልኝና ሲያወራብኝ፣ ለምን መሄድ እንዳማረኝ የጠየቀኝ አንድም የለም። አፈ ጮሌ እንኳ የጠየቀችኝ እዚያ ሽንት ቤት ይኖር እንደሆነ ነው። ቢጠይቁኝ፣ ቤቴን አንድ ጊዜ ከሩቅ ማየት አማረኝ እላቸው ነበር። ውስጡ ሆኜ መልኩ ጠፍቶብኛል።

እሱ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሲገባ ሲወጣ ፊት ፊቱን አያለሁ። አንዳንዴ አፉን ይከፍታል፤ ሊናገር ነው ስል ያዛጋል።

ባለፈው እሑድ ተረኛ ነበር። የሥራ ሸሚዙን ስተኩስለት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙን የሚጠብቅ መስሎኝ ቶሎ ቶሎ አልኩ። "ያ ነገር..." አለኝ፣ ጣሪያውን በአገጩ እያሳየ። "ስንት ሰው ነው የሚይዘው?"

እታለም፣ ይህ ሰው ናፍቀሽኛል ማለት ሲያምረው ሽንኩርት ስንት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ አልጠፋኝም። ሁለት ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ፈለግኋት፤ አጣኋት። "እኔ እንጃ" አልኩት።

"እሺ" አለ። ሸሚዙን አንገትጌው ሳይተኮስ ከእጄ ወሰደና ገና እንደሞቀ ለበሰው። ሲቆላልፍ አንዷን ቁልፍ ዘለላት። አየሁት፤ ግን አልነገርኩትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ አስተካክልለት ነበር። ደረጃውን ሲወርድ የጫማው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ካውያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትንሿ ልጅሽ አግብታ ከወጣች ወዲህ ባዶዋን የቀረችው የጓሮ ክፍል ተከራይ ገብቶባታል ወይ? ለአንዲት ለማውቃት ሴት ነው። ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነው፤ ግን ሠርታ ታድራለች፣ ነገር አታበዛም፣ ጠዋት በጊዜ ትነሣለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እሷም ገና አልቆረጠችም። ሰው ከገባባትም ይሁን፤ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ጉልበትሽን ሙቅ ነገር ልበሺበት። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽን በልጅ ልጅ ሳቅ ይሙላው፤ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ አይለየን።

መልስሽን ግን በቤት አድራሻ አትላኪው። በልብስ ማጠቢያው በኩል አድርጊልኝ።

የምትናፍቅሽ
ታናሽ እህትሽ