ያልተበላው ቅጠል

ግንቦት 3
ቦቲዬን አጥልቄ ሐይቁ ዳር ስንቦጫረቅ ዋልኩ። ከአንድ ዛፍ ሥር የለቀምኩትን ደረቅ ቅጠል በመረብ ከረጢት ሞልቼ፣ ግማሹን ጫካው ዳር፣ ግማሹን በወንድሜ እርሻ ዳር አሰጠምኩ። የትኛው ቶሎ ይበሰብስ ይሆን? ውኃው ይቀዘቅዛል... ግን ይህን ሥራ እወደዋለሁ።

ወንድሜ ከማሳው ሆኖ፦ "እመቤት ጭቃ፣ ቅጠል ለመዘፍዘፍ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" ሳቅኩ። የሚያርሰው እስከ ውኃው ጫፍ ነው። ትራክተሩ ጎማውን ሊነክር ምንም አልቀረውም።

ሰኔ 20
ዝናብ ሲያወርደው ዋለ። በጫካው በኩል ውኃው ጥርት ያለ ነው። በወንድሜ በኩል ሻይ በወተት መስሏል።

ነሐሴ 11
ከረጢቶቹን አወጣሁ። የጫካው ዳር ቅጠል ተበልቶ የቀረው ጅማቱ ብቻ። ትንንሽ ትሎች ይርመሰመሱበታል። የወንድሜ ዳርስ? ጥቁር፣ የሚሸት፣ ግን ሙሉ ቅጠል። ከማሳው የታጠበው አፈር ተከምሮበት ትሎቹን አፍኗቸዋል። ትል ከሌለ ዓሣው ምን ሊበላ?

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዳሩን ሳያርሱ መተው። ግን የማሳው ምርጥ አፈር ያለው እዚያው ዳር ላይ... እንዴት ብዬ ልንገረው? ቢቀየመኝስ? ከሱ ሌላ ወንድም የለኝ።

ነሐሴ 14
ሁለቱንም ቅጠል በነጭ ሳህን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ሲያያቸው ፊቱ በራ።

"አየሽ? የኔ ዳር ቅጠልሽን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆልሻል። ያ ጫካሽ ግን ጋጠብሽ።"

ለካ ልሸልመው የመጣሁ መስሎታል! ሳቄን ዋጥኩት።

"ጋሽዬ፣ ማዳበሪያ ጉድጓድህ ውስጥ የከተትከው ቅጠል ከርሞ እንዲህ ሙሉውን ቢወጣ ምን ትላለህ?"

አሸተተው። "ጉድጓዱ ታፍኗል እላለኋ።"

"ሐይቁም ታፍኗል።"

"በኔ አፈር?"

"ባንተ አፈር።"

ፊቱ ጠቆረ። ሚስቱ ሳህኑን እያነሳች፣ "ሰው እኮ የሚበላበት ነው" አለች። እሱ ቻው እንኳ ሳይለኝ ወደ ጓዳ ገባ። ምነው ምላሴን በቆረጠው...

ነሐሴ 21
አልደወለም። እኔም ፈራሁ።

ኅዳር 2
አዲስ ከረጢቶች ላሰጥም ወረድኩ። ትራክተሩ እያረሰ ነው። የወንድሜን ዓይን ላለማየት ብዬ አጎንብሼ ውኃው ውስጥ ገባሁ።

የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ሁለት እጁን ዘርግቶ ትራክተሩ ፊት ቆሟል። ከኋላው፣ ከማሳው እስከ ውኃው፣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ካጎነበስኩበት መች አይቼው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይነካው ትቶታል... ለኔ ግን ትንፍሽ አላለም። የኔ ኩሩ። ዕንባዬ መጣ።

"ከዚህ ወዲያ አትለፍ" ይለዋል ሾፌሩን። "ትሎች አሉ።"

"የምን ትሎች?"

"የእህቴ። ምሳ ላይ ናቸው።"