ማጣሪያ ለወደቀ ወንድሜ እንዳይከፈል

ለጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር
የውድድር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ሰኔ 3

ጉዳዩ፦ ማጣሪያ ለወደቁ ተጫዋቾች ሊሰጥ የታሰበው ክፍያ እንዲቀር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

1. እኔ አመልካች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጎልፍ የምተዳደር ተጫዋች ነኝ። የአራት ቀን ውድድር በሁለተኛው ቀን ማጣሪያ ግማሾቻችንን ባዶ እጃችንን እንደሚያሰናብት ክቡርነትዎ ያውቃሉ። አሁን ለተሰናባቾቹም የመሳፈሪያና የማደሪያ ያህል ይከፈል መባሉን ሰማሁ። ጉድ እኮ ነው! ያልዘሩት አይበቅልም ሲባል አድገን፣ ዛሬ ለተሸነፈ ደመወዝ?

2. ምቀኛ እንዳልባል ከገዛ ወንድሜ ልጀምር። ታናሼ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደግኩት፣ ዱላ አያያዝም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ማጣሪያው ላይ አብረን ተመደብን። እንደ ደንቡ እኔ የእሱን ውጤት እመዘግባለሁ፣ እሱ የእኔን። የጫማው ሶል ተገንጥሎ በሲባጎ አስሮታል። መኪናዬ ውስጥ ትርፍ ጫማ ነበረኝ፤ ቁጥራችንም አንድ ነው። አልሰጠሁትም። በውድድር መሀል ርኅራኄ ምን ይሠራል?

3. መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ከኳሱ አጠገብ ቅጠል ሲያነሣ፣ ኳሱ የሩዝ ፍሬ ታህል ተንቀሳቀሰ። ቅጣቱ አንድ ምት ነው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሱማ “ጋሼ ይሙት፣ አልነካሁትም” ብሎ በእኔው ማለ። ማየትህን ትምላለህ ወይ ቢሉኝ፣ መጻፌን እምላለሁ። ጻፍኩ፤ ፈረመ። በዚያች አንድ ምት ወደቀ።

4. ወደ ቤቱ መመለሻ ገንዘብ አልነበረውም። የእኔም ቦርሳ ተሸካሚ በዚያው ሳምንት ጥሎኝ ሄዶ ስለነበር ቦርሳዬን አሸከምኩት። ምን ልበልዎት፣ ቀናኝ! በሆዱ ተኝቶ የሜዳውን ዘንበል ያይልኛል፤ በዚህ ምታ ባለኝ በኩል ስመታ ኳሱ ይገባል። ሁለት ውድድር በተከታታይ አሸነፍኩ። የሚስቴ መውለጃ ደርሷል፣ ልሂድ ሲለኝ፣ ከፍጻሜው በኋላ አልኩት። ቦርሳዬን አነሣ። የቸገረው ሰው ጨዋ ነው።

5. እንግዲህ ይፍረዱኝ። ለወደቀ ከተከፈለ ይህ ልጅ ነገ ተነሥቶ ልጫወት ይላል። ቦርሳዬን ማን ይሸከምልኛል? ስለዚህ የተባለው ክፍያ ከነአካቴው እንዲቀር በትሕትና አመለክታለሁ።

6. የእጅ ጽሕፈቴ ስለማይነበብ ይህን እየነገርኩት የጻፈልኝ እሱው ነው። ስሕተት ቢገኝበት የእሱ ነው፤ ጽሕፈት ቤታችሁ ድረስ የሚያደርሰውም እሱ ነው።

ውሳኔዎን በጉጉት ከመጠበቅና ከሰላምታ ጋር

አመልካች (ፊርማ)

ከጸሐፊው፦ ጋሼ የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌያለሁ። ባለቤቴ ትናንት ወልዳለች፤ እኔም ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

አባሪ፦ አንድ የጎልፍ ቦርሳ ከነዱላዎቹ።