ስድስቱ የፀሐይ በሮች

ጥቅምት 4 ቀን 1951 ዓ.ም.
ዝናቡ አባርቷል። ገብሱ ሊደርስ ነው። ዛሬ ሥዕል አስተማርኩ። መምሪያው «ልጆች ፀሐይንና ወቅቶችን በቀለም ይሣሉ» ይላል፤ ቀለሙን ግን ማንም አልላከልንም። ልጆቹ እርድ፣ ጥላሸትና ቀይ አፈር ይዘው መጡ። ለምሳሌ የተሰጠን ሥዕል በረዶ የለበሰ ዛፍ ነው... ለእስቴ አገር ልጅ።

ቦጋለች ምሥራቁ ተራራ ላይ ስድስት በር ሣለች። ምንድን ነው? አልኳት። «ፀሐይ የምትወጣባቸው ናቸው። በር ትለዋውጣለች። አባቴ ነው የነገረኝ።» ሎሚ አዙሬ፣ የምትዞረው ምድር እንደሆነች አስረዳሁ። ሥዕሏ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ዜሮ አኖርኩ። ለሳይንስ ስል።

ጥቅምት 7
አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መጡ። ሊጣሉኝ ነው ብዬ ስዘጋጅ እጅ ነሱኝ። «በቀይ ቀለም እኛ የምንጽፈው የቅዱሳንን ስም ነው። እርስዎ ለልጄ ሥዕል በቀይ ፀሐይ ጨመሩላት። ለጥር ልድራት ቃል ሰጥቼ ነበር። ይቅር፤ ትማር።»

ፀሐይ ያሉት ዜሮዬን ነው፤ እውነትም በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ልንገራቸው? ነግሬ ልጅቷን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ላስድራት? አልነገርኳቸውም። ሥዕሉን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል።

ኅዳር 19
ነገሩ ከነከነኝ። በየማለዳው አንድ ቦታ ቆሜ፣ ፀሐይ የምትወጣበትን በመስኮቱ እንጨት ላይ በከሰል ምልክት አደርጋለሁ። ወደ ቀኝ ትሄዳለች። «ታኅሣሥ ላይ ትመለሳለች» አለች ቦጋለች፣ ሳልጠይቃት። ይህን ሁሉ ዓመት ስማር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም?

ታኅሣሥ 27
ተመለሰች።

ጥር 4
በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዜሮን አስተማርኩ። ምን ነካኝ? ፈንታ የሚባለው ምላሰኛ ልጅ «ታዲያ ቦጋለች ሥዕል ላይ ያለው እሱ አይደል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጥር 5
መሪጌታ ሥዕሉን ጠቅልለው መጡ። ራሷ ነግራቸዋለች። «እውነት ነው?»
እውነት ነው፣ የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ፣ ፀሐይ ልጅዎ እንዳለችው ተመልሳለች አልኳቸው። የከሰሉን ምልክት አንድ በአንድ አዩ። ፈራሁ... ጥር ገና አላለቀም።
«እርስዎ ስንት ዓመት ተማሩ?»
«አሥራ ሁለት።»
«እንዲህ ከሆነ ልጅቱ ብዙ ዓመት ያስፈልጋታል። እርስዎም እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ይምጡና ባሕረ ሐሳብ ይማሩ።»

ጥር 25
ሦስት እሑድ ተማርኩ። መሪጌታ ከሕፃናቱ ጋር ነው የሚያስቀምጡኝ። ቦጋለች ከክፍል ቀርታ አታውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር የሰነበትኩት።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሠርገኛ በደጃችን አለፈ። ልጆቹ ወደ መስኮቱ ተንጋጉ። ቦጋለች አልተነሣችም። ሙሽራዋ ማን ናት? አልኩ።
«አመተ ማርያም ናት፣ መምህር። እኔ ጎን የምትቀመጠዋ።»
ሰሞኑን የቀረችው አሟት መስሎኝ ነበር። ያኔ ለእሷ ሥዕል አሥር ከአሥር ሰጥቻት ነበር። አባቷ ትምህርት ቤት መጥተው አያውቁም። እኔም ቤታቸው ሄጄ አላውቅም።