ሃምሳ አንድ ኪሎ

ሰኞ፣ የካቲት 9

ለሠላሳ አንድ ሰው ደወልኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ጾሙ ዛሬ ገባ፣ የስኳር ታካሚዎቼም በሙሉ ለመጾም ቆርጠው ተነስተዋል። «እማማ፣ መርፌ ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት አይችሉም» ስላቸው፣ «ለነፍሴ ነው ልጄ» ይሉኛል። አንዷን ለማሳመን ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን ሊጠይቁ ተስማሙ። ይህንን እንደ ድል ልቁጠረው።

ወገቤ ከተጎዳ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት በሽተኛ ሳነሳና ሳገላብጥ ኖሬ፣ አሁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የጤና ጣቢያችንን ታካሚዎች በስልክ እከታተላለሁ። ሐኪሙ ውጤቱን ስክሪን ላይ አይቶ ያዛል፣ እኔ ደውዬ እነግራለሁ። ሰው ከነካሁ ሦስት ዓመቴ።

ሰባት ሰዓት ላይ በስልክ ዝርዝሬ እትዬ አስቴር ጋ ደረስኩ፤ ኮልፌ ገበያ ማርና ኮረሪማ የሚሸጡት። ጴንጤ ስለሆኑ የጾም ክርክር የለም ብዬ ደስ አለኝ። ዶክተር ሳሙኤል የሦስት ወር የስኳር ውጤታቸው በጣም ከፍ ብሎበት የጠዋቱን ኢንሱሊን ከዐሥራ ስምንት ወደ ሃያ ስድስት ዩኒት አሳድጎታል። ነገርኳቸው። «በየትኛው ደም?» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት በሰጡት ደም ነው» አልኩ። ቁጥሩን አስደገሙኝና፣ «እሺ ሲስተርዬ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉኝ።

አነጋገራቸው አላማረኝም። ቤት ውስጥ ስኳራቸውን ለክተው እንዳያዩ የመለኪያው ወረቀት ካለቀባቸው ሦስት ሳምንት ሆኗል። ግን ገና ዘጠኝ ሰው ይቀረኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ኔትወርክ የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። በወረቀት እንዳንሠራ ቅጾቹን ባለፈው ዓመት ሰብስበው ወስደዋቸዋል። ከሰዓት ሁሉም ነገር በአንዴ መጣብኝ።

ሰልፍ ሳልይዝ ወደ ሰፈሬ ወደ ሳንሱሲ የሚሄድ ታክሲ አገኘሁ። ቤት ገብቼ ወገቤን በሙቅ ውኃ አሸሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከእትዬ አስቴር ስልክ ተደወለልኝ። ልጃቸው ሩት ናት፣ ቤቴል ካፌ የምትሠራው። «ሲስተር፣ እማዬ ወድቃለች! ብቀሰቅሳት አትነቃም! ላብ አጥምቋታል!» ውኃ በስኳር ልታጠጣት ነበር። «እንዳትሞክሪ፣ ትታነቃለች! በጎኗ አስተኚያትና ድዷን ማር ቀቢ» አልኳት። «ማርማ ሞልቷል» ብላ አለቀሰች። ስልኩ ሳይዘጋ የጎረቤት መኪና ሲነሳ ሰማሁ።

ለካ ረቡዕ ረቡዕ በማለዳ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የጾም ጸሎት አለ። በዐሥራ ስምንቱ ጊዜ ምንም ሳይሆኑ ነበር የሚመለሱት። ዛሬ ሃያ ስድስት ተወግተው ሳይበሉ ሄዱ፣ ቤት እንደተመለሱ ወደቁ። እኔ ደግሞ ሰኞ ስለ ጾም አልጠየቅኳቸውም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳራቸው ሃያ አራት ነበር። እኛ ከሰባ ሲወርድ ነው መሯሯጥ የምንጀምረው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

አልነቁም።

ጠዋት ስልኬን ዘግቼ ፋይላቸውን ከፈትኩ። ያን ያህል ከፍ ያለ ስኳር የነበረበት ሰው በስምንት ዩኒት ጭማሪ ወደ ሃያ አራት ይወርዳል? ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ከሁለት ዓመት በፊት «የቀኝ እግር ትንሿ ጣት ተቆርጣለች» ይላል። ያኔ በስልክ እያጽናናኋቸው ሰንብቻለሁ፣ አስታውሳለሁ። ያለፈው ሳምንት ምርመራ ደግሞ «ሁለቱም እግሮች፣ ዐሥሩም ጣቶች ጤናማ» ይላል።

የተቆረጠ ጣት አይበቅልም። በእትዬ አስቴር ካርድ የተመረመረችው ሌላ ሴት ናት።

ከዚያ ክብደቱን አየሁ። የእትዬ አስቴር የቀድሞ ክብደት ሰባ አራት ነበር። ባለፈው ሳምንት ከምዘና ክፍል ሃምሳ አንድ ተብሎ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቀይ ሳጥን አወጣብኝ፦ «የክብደት ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። እርግጠኛ ነህ?» የምዘና ክፍሉ ልጆች ሰባትን አምስት አድርገው መትተውታል ብዬ ሰባ አንድ አደረግኩት። ሳጥኑ ጠፋ። ከሥሩ ስሜና ሰዓቱ አለ። አራት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ሃምሳ አንድ ቢል ኖሮ ዶክተር ሳሙኤል ዝም ብሎ አያልፈውም ነበር። በሽተኛዋን አስጠርቶ ያያት ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ፈቃድ ጠይቄ ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ከሩት አጠገብ አንዲት ቀጭን ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ፋይሉ ላይ ያየሁት የእትዬ አስቴር ፎቶ ነው፣ አካሏ ግን ግማሽ። ሳትነግረኝ አወቅኳት።

ብርቱካን ትባላለች፣ ታናሽ እህታቸው። ከቦንጋ ከመጣች ዓመት ከመንፈቅ። ስኳር እሷም አለባት። የአዲስ አበባ መታወቂያ ስለሌላት የጤና መድን ካርድ አታገኝም፤ ከእህቷ ብልቃጥ እየተካፈለች ስትወጋ ኖራለች። እየከሳች ስትሄድ እትዬ አስቴር «ሂጂ ተመርመሪ» ብለው ካርዳቸውን ሰጧት።

«ሰኞ ስትደውዪላት አጠገቧ ነበርኩ» አለችኝ። «ደሙ የኔ እንደሆነ አውቃለች። ንገሪያት፣ አትወጊ ስላት እምቢ አለች። ካወቁ ካርዱን ይወስዱታል፣ አንቺ ምን ትሆኛለሽ አለችኝ። የታዘዘውን ካልተወጋሁ በሚቀጥለው ምርመራ ይነቁብናል፣ ጌታ ይጠብቀኛል ብላ ተወጋች።»

አብሬያት አለቀስኩ።

እትዬ አስቴር ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ ግን ማንንም አያዩም። እጃቸውን ያዝኩ። ስንት ጊዜ አውርተናል፣ እጃቸው ግን እንደዚህ ሻካራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ልወጣ ስል የክፍሉ ነርስ ጠራችኝ። የፊታችን ሰኞ ኢንሱሊን መልሰው ሊጀምሩላቸው ነው፤ መጠኑን የሚወስኑት እኛ በምንልከው ፋይል ነው። ሩት ሰምታለች። እስከ በሩ ተከተለችኝ። «ሲስተር፣ በእናትዎ፣ የአክስቴን ነገር አያንሱት። የእማዬን ብቻ ማስተካከል አይችሉም?»

አይቻልም። አንዱን ለይቶ ለማውጣት ሁለት ሰው መሆናቸውን መናገር ግድ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

እውነቱን እዚህ ላስቀምጠው፦ ጠዋት ጠዋት የማልጸልይ ሰው ዛሬ ጸለይኩ፣ የጸለይኩትም ስህተቱን ሌላ ሰው እንዲያገኘው ነው። የመረጃ ክፍሉን ሰው «ቁጥር ስቀይር የድሮው ይጠፋል ወይ?» ብዬ ሳይቀር ጠየቅኩት። «አይጠፋም ሲስተር፣ ማን እንደነካው ሁሉ ይቀመጣል» አለኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ወገቤም ወደ ዋርድ አይመልሰኝም። ፈራሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ዶክተር ሳሙኤል ክፍል ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፣ የጣቱን፣ የካርዱን፣ የሰባ አንዱን። «እኔ እኮ ክብደቷ አለመቀነሱን አይቼ ነው ያሳደግኩት» አለ። «አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት» አልኩት። ስልኩን አነሳና ሆስፒታሉ ጋ ደወለ። ያለፈው ሳምንት ውጤት በሙሉ የሌላ ሰው እንደሆነ ሲነግራቸው ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ እርማቱን ራሴ ፋይሉ ላይ ጻፍኩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የሆነውን በጽሑፍ አቅርቢ ብሎኛል። የእትዬ አስቴር ካርድ እስኪጣራ ታግዷል።

ሰኞ፣ የካቲት 16

እትዬ አስቴር ዛሬ ሩትን በስሟ ጠሯት። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ ሌላ ቃልም አልወጣቸውም። ኢንሱሊኑ በስምንት ተጀመረ። ባልታረመው ፋይል ቢሆን ኖሮ በሃያ ስድስት ነበር። ይህንን ደጋግሜ ለራሴ እነግራለሁ፤ ትንሽ ይረዳል።

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ብርቱካንን ወረዳ ይዣት ሄጄ ነበር። ከቦንጋ መሸኛ ካላመጣች መታወቂያ የለም፣ መታወቂያ ከሌለ ካርድ የለም። ለመሸኛው የወንድሟ ልጅ እዚያ ይሯሯጣል፤ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ለዘጠኝ ቀን ነው።

የእኔም የቅጣት ደብዳቤ ገና አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ደውዪ ተብያለሁ። ዝርዝሩን ስከፍት ሰባተኛው ስም አስቴር ነው፤ ሲስተሙ ሆስፒታል መተኛታቸውን አያውቅም። ሆኖም ደወልኩ። ብርቱካን አነሳች። ከልማድ የተነሳ «እትዬ አስቴር ነዎት?» አልኳት።

«አይ ሲስተር» አለች። «ብርቱካን ነኝ።»

በዚያ ስም የምከፍተው ፋይል የለም። ቦርሳዬን ከፍቼ ይህንን ደብተር አወጣሁና የምትለኝን ጻፍኩ።

ብርቱካን። ከቦንጋ። አርባ አራት ዓመት። ሃምሳ አንድ ኪሎ። ዐሥሩም ጣቶች አሏት። ኢንሱሊን፣ እስከ የካቲት 25፣ ረቡዕ።